ሰውየውን የቀደመው መያዣ

ባለፈው ወር የሟች እኅቴን የወራሽነት ማስረጃ ላወጣ ንፋስ መውጫ ፍርድ ቤት ሄጄ፣ ከመዝገብ ቤቱ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ውስጥ ያለችው ጸሐፊ ልጅ እግር ናት። አንድ እጇ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንድ እጇ ስልኳ ላይ። "ሄሎ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው? ጠዋት የላክንላችሁ የመያዣ ትእዛዝ ይመለስ፤ ሰውየው አሁን ቀርቧል። ደብዳቤውን ከሰዓት እልካለሁ፣ እናንተ ግን እንዳትወጡ" አለችና ስልኩን ዘግታ ሻይዋን ፉት አለች። ይኸው ነው፤ አለቀ። እኔ ግን ከአግዳሚው ተነሣሁ። "ልጄ፣ አሁን ያልሻትን ነገር ለማለት እኔ ሁለት ቀን ተጉዣለሁ" አልኳት። "የት ሆነው ነው አባቴ?" አለችኝ። "እዚሁ ሆኜ፤ ይኸ ቤት የጭቃ ቤት ሳለ።" ሣቀች። "እኛም ኔትወርክ ሲጠፋ ያው ነን" አለች። ማስረጃዬን ተቀብዬ ስወጣ እግሬ ወደ መናኸሪያው አልሄድልህ አለኝ። የድሮው ፖሊስ ጣቢያ ወደነበረበት ጥግ ወሰደኝ። ዛሬ ባጃጆች ተደርድረውበታል፤ አንዱ ሾፌር "አባባ፣ ልውሰድዎት?" ቢለኝ "እኔስ ሄጃለሁ" ብዬው ቁጭ አልኩ።

ዓመቱን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ ተደባልቆብኛል። በንጉሡ ጊዜ ነው። ልብሴን ብትጠይቁኝ ግን አዝራሩን ሳይቀር እቆጥርላችኋለሁ። ደብረ ታቦር የተሰፋ የካኪ ኮትና ሱሪ ነበረኝ፤ ከኮቱ የደረት ኪስ ሁለት ብዕር ብቅ ይል ነበር፣ አንዱ ግን አይጽፍም። ጫማዬ ነጭ ሸራ ነው፤ ሦስት ብር ከስሙኒ ገዝቼው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በኖራ እቀባው ነበር። ሦስት ብር ከስሙኒ ማለት በዚያን ጊዜ ሙክት ባይሆንም ደህና ጠቦት ነው። አንድ አዝማሪ ከጠጅ ቤቱ ደጅ ሲያየኝ ጫማዬን በግጥም አነሣውና ገበያው ሁሉ ዘወር ብሎ እግሬን አየ። የተቆጣሁ መስዬ ሄድኩ እንጂ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። ከተማዪቱ ያኔም ስሟን የምታስመሰክር ናት። ነፋሱ ከገደሉ አፍ ሲወጣ የሴቱን ነጠላ፣ የቄሱን ጥምጥም፣ የእኔን ወረቀት ለይቶ አያውቅም። የቆርቆሮ ቤት በጣት ይቆጠራል። ከጠጅ ቤቱ ውስጥ ባለባትሪ ሬዲዮ ነበር፤ ባለቤቲቱ ባትሪው እንዳያልቅ እየሰጋች ዘፈኑ መሀል ላይ ስታጠፋው የጠጪው ጩኸት ፍርድ ቤቱ ድረስ ይሰማል። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ከእኔ በላይ ያለው ዳኛውና ሰማዩ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በእርግጥ ከእኔ በላይ መሪጌታ ኅሩይ ነበሩ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እሳቸው ናቸው። የግማሽ ቀን መንገድ ከሚያስኬደው ከቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ፣ እንጀራ ፍለጋ ከመንግሥት ሥራ የገቡ፣ ረጋ ያሉ ሰው። የእኔ ሥራ ይኸ ነው። ችሎት አስከባሪው በር ላይ ቆሞ የተከሳሹን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ የሚመልስ ከሌለ ዳኛው "መያዣ ይውጣ" ይላሉ፤ እኔ "ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን ስላልቀረበ ተይዞ እንዲቀርብ ታዟል" ብዬ ለፖሊስ ደብዳቤውን እጽፋለሁ፤ ዳኛው ይፈርማሉ፣ አንበሳው ያለበት ማኅተም ይመታል። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን ለፖሊስ ማድረስ የመሪጌታ ፈንታ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቱን ከቀለም ጠርሙሱ ሥር ያስቀምጡና እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነኩትም። ፖሊሶቹ መጥተው "የሚወሰድ አለ?" ሲሏቸው "ቀለሙ አልደረቀም" ይላሉ። በፀሐይ ቀን "ቀለሙ አልደረቀም" ሲሉ እየሰማሁ በልቤ እስቅባቸው ነበር። አርጅተዋል፣ ሰንፈዋል ብዬ ነበር የማስበው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ አልወጣ ብሎ ገብሱ በውሃ ላይ የቆመበት ዓመት ነበር። መሪጌታ የአጎታቸው ተዝካር ደርሶባቸው ፈቃድ ጠይቀው ወደ ቤተ ልሔም ወረዱ፤ የመላኪያ ደብተሩ በእኔ እጅ ቀረ። ዳኛው አዲስ ናቸው፤ ሥራ የሚያጓትት ሰው አይወዱም ተብሎ ተወርቷል። ሐሙስ ጠዋት ችሎት አስከባሪው "ተከሳሽ ደመላሽ!" ብሎ ሦስት ጊዜ ተጣራ። ከነፋሱ በቀር መልስ አልነበረም። በድንበር ተጣልቶ የጎረቤቱን ክንድ በዱላ ሰብሯል የተባለ የሲማዳ ጠረፍ ገበሬ ነው። "መያዣ ይውጣ" አሉ ዳኛው። እኔ እጄ እንደዚያን ቀን ፈጥኖ አያውቅም። ጻፍኩ፣ አስፈረምኩ፣ ማኅተሙን መታሁ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቱን ይዤ በነጭ ጫማዬ ኩሬውን እየዘለልኩ ፖሊስ ጣቢያ ደረስኩ።

ተረኛው አሥር አለቃ ጥጋቡ ነበር። ወፍራም፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ብዙ አገር ያየ ሰው ነው። ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ አነበበው። "ዛሬ ምነው ቀለሙ ቶሎ ደረቀ?" አለኝ።

"መሪጌታ የሉም፤ እኔ ነኝ ያለሁት" አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

"እህ" አለ። ለነገው ገበያ ጥበቃ ወደ አርብ ገበያ የሚወርድበት ቀን ስለነበረ ዝናሩን ታጥቆ አንድ ባልደረባውን አስከትሎ ወዲያው ወጣ። "ቤቱ ከዚያው በታች ነው፤ ገበያው ከመሙላቱ በፊት ይኸን ሰው ይዤ እመለሳለሁ" አለኝ። ከኋላ ሆኜ ሳያቸው ኩራት ኩራት አለኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ምሳዬን በልቼ ስመለስ ከመዝገብ ቤቱ በር አንድ ሰው ቆሟል። አርባን የተሻገረ ነው። ጋቢውን ጠቅልሎ ራሱ ላይ አድርጎታል፤ ከወገቡ በታች ውሃ ይንጠባጠባል። ሲያየኝ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። "ጌታው፣ ደመላሽ እባላለሁ። ስሜ ተጠርቷል?"

"ተጠርቷል" አልኩት። "የት ነበሩ?"

"ወንዙ ሞልቶ ነው የዘገየሁ። ትናንት ከቀትር ጀምሮ ከዳር ቁጭ ብዬ ዋልኩ፤ አልጎድል ሲለኝ በላይኛው መሻገሪያ ዞሬ፣ ሌሊቱን ሁሉ ስሄድ አድሬ መጣሁ። ዳኛው ይምሩኝ ይሆን?"

ዳኛው ማሩት። እንደተባሉት ክፉ ሰው አልነበሩም። እግሩን አዩ፣ ጭቃውን አዩ፤ "መያዣው ተነሥቷል፣ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል" ብለው ብዕራቸውን ሊያስቀምጡ ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። "ወረቀቱ አልወጣም አይደል?"

"ወጥቷል ጌታዬ። ፖሊሶቹም ወጥተዋል።"

የሰውየው ፊት ያን ጊዜ ነው የተለወጠው። "ወደ ቤቴ?" አለ። ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየን። ከዚያ ተናገረ። ታናሽ ወንድም አለው፤ አስራት ይባላል፤ ምንሽር ጠመንጃ አለው። አባታቸውን ወታደሮች እጁን የኋሊት አስረው ሲወስዱት አስራት ሕፃን ነበር፤ አባትየው ከመንገድ ሞቶ ነው የተመለሰ። "እኔ ከቤት ስወጣ 'በእግሬ ወደ ዳኛ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ፣ ማንም አይነካኝም' ብዬው ነው የወጣሁ። አሁን እኔ ሳልመለስ ፖሊስ ከደጁ ቢያይ ገደሉት ብሎ ያስባል። ይተኩሳል ጌታዬ። ከተኮሰ በኋላማ ቤታችን ቤት አይሆን፤ እሱም ጫካ ነው።"

ስልክ የሚባለው ከፖሊስ ጣቢያው አንድ ነበረ፤ እሱም ከደብረ ታቦር በቀር የሚያገናኘው አገር የለም። ከጣቢያው የቀሩት ሁለት ሰዎች እስረኛ ጠባቂዎች ናቸው፤ ጥለው አይሄዱም። ዳኛው የመያዣ ማንሻውን ራሳቸው በእጃቸው ጻፉ። "ማን ይወስደዋል?" ሲሉ "እኔ" አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ መዋል ስላልቻልኩ ነው።

ከከተማው እንደወጣን ደመላሽ "ጌታው ጸሐፊ፣ ጫማዎን ያውልቁት፤ ጭቃው ይበላዋል" አለኝ። አወለቅኩና በማሰሪያው አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ገብሱን እያቋረጥን ሄድን። እሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ ያደረ ሰው ነው፤ ወደኋላ የሚቀረው ግን የእኔ እግር ነው። አንድ አቀበት ጫፍ ላይ ከአገልግሉ በሶ አውጥቶ ሲያካፍለኝ አልዋጥልህ አለኝ።

"አያ ደመላሽ" አልኩት። "መሪጌታ ቢኖሩ ኖሮ ወረቀቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይወጣም ነበር። በአራት ሰዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።"

በሶውን እየላመጠ አየኝ። "ለምን?"

"ጎበዝ ለመባል።"

በሶውን ላምጦ ጨረሰ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ አገልግሉን ዘጋና ተነሣ። "ብላና ተነሥ" አለኝ። እስከዚያ ድረስ "እርስዎ" ሲለኝ የነበረ ሰው "አንተ" አለኝ። ስድብ አልነበረም፤ እንደ ወንድም ነው የጠራኝ። በሶው ያን ጊዜ ወረደልኝ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ቤተ ልሔም ደረስን። ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ቢልም ሆን ብዬ ነው ያዞርኩት፤ መሪጌታ አሉና። ከተዝካሩ ዳስ ተጠርተው ወጡ፤ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ይገሥጹኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ "ጥፋቱ የእኔም ነው" አሉኝ። "ይኸ አገር ሩቅ ነው፤ ሰዉ ከቀትር በኋላ ነው የሚደርስ ብዬ ልነግርህ ይገባ ነበር። 'ቀለሙ አልደረቀም' እያልኩ ቀልድ አስመሰልኩብህ።" "ፖሊስ በሌሊት ከሰው ደጅ አይደርስም" ብለው እዚያው አሳደሩን። ጎህ ሲቀድ በቅሏቸውን አስጭነው ከደጅ አቆሙልን። ያች በቅሎ ለአለቃም ለወዳጅም የማያውሷት እንደነበረች በኋላ ነው የሰማሁ።

አርብ ገበያ ስንደርስ ገበያው እየሞላ ነው። የእርጥብ አህያና የጌሾ ሽታ፣ ቆዳ ዘርግተው የተቀመጡ፣ ጨው የሚመዝኑ፣ ባቄላ በቁና የሚሰፍሩ። ዛሬ ሳስበው ዓይኔ ይናፍቀዋል። ያን ቀን ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ የምፈልገው የካኪ ቆብ ብቻ ነበር። አንዲት ጌሾ ሻጭ "ሁለት ፖሊሶች አላየሽም?" ብላት "ከኔ ቤት ነው ያደሩ፤ ሳይነጋ ወረዱ" አለችን። ደመላሽ ልጓሙን ከእጄ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ እየተቀመጥን ቁልቁለቱን ወረድን፤ ተራው የእሱ ሲሆን ግን ከበቅሎዋ እየወረደ ይሮጥ ነበር።

ወንዙ ጎድሏል። ከመሻገሪያው ከብት የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ "ፖሊሶቹ ጠዋቱን ሁሉ እዚህ ሲጠብቁ ዋሉ፤ አሁን በቅርቡ ተሻገሩ" አሉን። ወንዙ ደመላሽን አስቀርቶ ለዚህ ሁሉ ዳርጎን ነበር፤ እነሱንም አስቀርቶ ተስፋ ሰጠን። ውሃው ከበቅሎዋ ሆድ ሲደርስ ወረቀቱን በጥርሴ ይዤ ተሻገርኩ።

ቤቱ ከኮረብታ ሥር ነው። ገና ከሩቅ የሆነ ነገር እንዳለ አወቅን። ጎረቤቱ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ፣ ራቅ ብሎ፣ ቆሟል። ከቤቱ በላይ ካለው ድንጋይ ኋላ የአንድ ሰው ራስና የጠመንጃ አፈሙዝ ይታያል። ከታች ከግቢው መሀል አሥር አለቃ ጥጋቡ መደብ ላይ ተቀምጧል። ጠመንጃውን አርቆ ግድግዳ ላይ አስደግፎታል። ጫማውን አውልቋል፤ ባልደረባውም ከጎኑ ተቀምጧል። አንዲት ሴት ከፊቱ ተንበርክካ፣ ጀርባዋን ወደ ድንጋዩ ሰጥታ፣ በገበቴ እግሩን ታጥበዋለች። የደመላሽ ሚስት ጥሩነሽ ናት። የሆነውን በኋላ ከአሥር አለቃው ነው የሰማሁት። ፖሊሶቹ ከግቢው ሲገቡ አስራት ጠመንጃውን ይዞ ድንጋዩ ላይ ወጣ። እሷ ያን ጊዜ ወደ ውጭ ብቅ ብላ፣ ድንጋዩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ "እንግዶቼ፣ ደክማችኋል፤ ቁጭ በሉ፣ እግራችሁን ልጠባችሁ!" አለች። አሥር አለቃው ነገሩ ገባው። ጠመንጃውን አስቀምጦ ተቀመጠ። እስክትጨርስ ድረስ አስራት ሊተኩስ አይችልም፤ ቢተኩስ እሷ መሀል ናት፣ በእጇ ያለው ሰው ደግሞ የቤቱ እንግዳ ነው። ስለዚህ አልጨረሰችም። ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀይራለች። እኛ ስንደርስ አራተኛው ነበር።

"አስራት!" ሲል ደመላሽ ጮኸ። "እኔ ነኝ! በእግሬ ሄጄ በእግሬ መጣሁ!"

አፈሙዙ ዝቅ አለ። አንዲት አሮጊት ከአጥሩ ውጭ እልል አለች። እኔ ወረቀቱን አውጥቼ ለአሥር አለቃው ላቀብለው ብል አልተቀበለኝም። "አንብበው" አለኝ። "ጮክ ብለህ አንብበው፤ ከላይ ያለውም ይስማው።" አነበብኩ። በሕይወቴ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም። "መያዣው የተነሣ መሆኑን እናስታውቃለን" የሚለው ላይ ስደርስ አስራት ከድንጋዩ ወርዶ ወንድሙን አንገቱን አቅፎ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ነበር። ጠመንጃው ጀርባው ላይ ተንጠልጥሏል። አሥር አለቃው ወደ ሰማይ እያየ፣ "ያንን ዕቃህን ወደ ቤት አስገባው፤ እኔ አላየሁትም" አለው። ከዚያ ባልደረባውን አየና በረጅሙ ተነፈሰ። "እግሬ እንደዛሬ ጠርቶ አያውቅም" ሲል ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ሣቀ። አጥር ጥሶ የሚስቅ ሣቅ ነበር፤ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ቀላል ነው። ደመላሽ በሁለተኛው ቀጠሮ አንድ ቀን ቀድሞ መጥቶ ከእኔ ቤት አደረ። ክንዱ የተሰበረውም ጎረቤት አጥንቱ ገጥሞለት ነበርና በሽማግሌ ታረቁ፤ ድንበሩም ላይ ድንጋይ ተተከለ። ዳኛው ማንም ሳይመክራቸው "ከእንግዲህ የመያዣ ወረቀት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንዳይወጣ" ብለው ትእዛዝ ሰጡ። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጽፌያለሁ፤ መንግሥት ተለወጠ፣ ማኅተሙ ተለወጠ፣ ደብዳቤው የሚጀምርበት ቃል ተለወጠ። በእኔ ወረቀት ምክንያት ሰው ሞተ የሚል ወሬ ሳልሰማ ጡረታ ወጣሁ። ሌላው ሰው በምን እንደሚመካ አላውቅም፤ እኔ ግን በዚህ ጥሩ እንቅልፍ እተኛለሁ።

ያን ቀን ግን፣ ሰዉ ሁሉ ከቤት ገብቶ ጠላው ሲቀዳ፣ እኔ መደቡ ላይ ብቻዬን ቀርቼ ነበር። መግባት አፍሬያለሁ። ጥሩነሽ ገበቴውን ይዛ ወጣች፤ ከፊቴ ተንበረከከችና ቀኝ እግሬን ይዛ ውሃ ውስጥ አስገባችው። እሾህ የቀደደው ላይ ስትደርስ ቀስ አለች። አላስቻለኝም።

"እሜቴ" አልኳት፣ "ወረቀቱን የላክሁባችሁ እኔ ነኝ።"

ቀና ብላ አላየችኝም።

"ደመላሽ ነግሮኛል" አለችኝ። "ሌላውን እግርህን አምጣ።"